የፈረስን ኮቴ ስለ መጠበቅ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላል ያገራችን ሰው። እኛም በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ስንኖር የዚህን ምሳሌ እውነተኛነት ብዙ ጊዜ ተመልክተናል። ለፈረስ ኮቴም እንደሚስማማ ያስታወሰን ግን በቅርብ ጊዜ የቀረበ አንድ ትንሽ ክርክር ነው።

አንድ ሰው ለጭነት የሚሆን ፈረስ ገዝቶ ኖሮ፣ ፈረሱ በሦስተኛው ቀን አነከሰና ከጋጣ አልወጣም አለ። ገዢው «ሕመሙን ደብቆ ሸጠልኝ» ሲል ከሰሰ፤ ሻጩም «ከእኔ ዘንድ ሲወጣ ጤነኛ ነበር» ሲል መለሰ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ነገር ጉድለት አላፊ እንዲሆን፣ ገዢም በበኩሉ የገዛውን ጊዜ ሳያሳልፍ መርምሮ ጉድለቱን እንዲያስታውቅ ያዝዛል። ስለዚህ ዳኛው ሁለቱንም «ፈረሱ ሲሸጥ እግሩን አንሥቶ ከሥሩ ያየ ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ሁለቱም ዝም አሉ። ጥርሱ ታይቷል፤ ጀርባው ተዳስሷል፤ ጥቂትም ተራምዶ ታይቷል፤ ኮቴውን ግን ማንም አላነሣም ነበር። ነገሩ በኋላ በሽማግሌ ታረቀ። እኛ ግን ያነን ዝምታ በመዝገብ ስንጽፍ ከሠላሳ ዓመት የሚበልጥ ጊዜ ወደ ኋላ ተመለስን፤ ያንኑ ጥያቄ ሰው ጠይቆን በውሸት መልሰን ነበርና። ዛሬ ይህነን መጻፋችን ፈረስ ላለው ሰው ትምህርት፣ ልጅ ላለውም ሰው ማሳሰቢያ ይሆን እንደ ሆነ ብለን ነው።

ነገሩ የሆነው በአዲስ አበባ፣ በመርካቶ፣ ጎጃም በረንዳ በሚባለው ሰፈር ነው። መርካቶ በጠላት ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ የአራዳው ገበያ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር በተደረገ ጊዜ እንደ ተቋቋመ ይታወቃል። ከዚያም እየሰፋ ሲሄድ ሰፈሮቹ አንዳንዶቹ በሚሸጥባቸው ዕቃ፣ አንዳንዶቹም በሚያርፍባቸው ሰው ስም ተጠሩ፤ እህል በረንዳ፣ ጭድ ተራ፣ ምን አለሽ ተራ፣ ጎጃም በረንዳ። እኛም ከጎጃም፣ ከአገው ምድር፣ ፊደልን ከቆጠርንና ዳዊትን ከደገምን በኋላ ለዘመናዊ ትምህርት ወደ አጎታችን የተላክን ልጅ ነበርን። አጎታችንን «አያ» እያልን እንጠራቸው ነበር። አያ ከጎጃም በረንዳ በስተ ጀርባ በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍልና አንዲት ትንሽ ጋጣ ተከራይተው፣ በአንድ አጋሰስ ከእህል በረንዳ ወደ ወፍጮ ቤት እህል እያመላለሱ ይኖሩ ነበር። ፈረሱ መልኩ ዳማ ስለ ሆነ ስሙም ዳማ ነበር። የቤቱ ኪራይ፣ የእኛም ደብተር፣ የአክስታችንም የወጥ እንጨት በዳማ አራት እግር ላይ የቆመ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ዳማ ብረት የተመታበት ፈረስ አልነበረም። ይህ ለአያ የድህነት ነገር ሳይሆን ያገር ልማድ ነው። ያገራችን ፈረስ ከጥንት ጀምሮ በባዶ ኮቴው የኖረ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ተብለው በፈረሶቻቸው ስም ሲጠሩ፣ ያ ሁሉ ፈረስ የረገጠው ያገሩን ድንጋይ በራሱ ኮቴ ነው። በአዊ ምድር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ሲሰበሰብ፣ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመቱት ፈረሶች ውለታ ይታሰባል። አያም የዚያ አገር ሰው ስለ ነበሩ ፈረስን በደረቅ ሜዳና በጠጠር ላይ ሲያድግ እንጂ በጭቃ ላይ ቆሞ ሲያድር አያውቁም ነበር።

የመርካቶ ነገር ግን ሌላ ነው። ደጋ ላይ ሲግጥ የሚውል ፈረስ ቀኑን ሙሉ ስለሚሄድ የኮቴውን ጫፍ ድንጋዩ ራሱ ይሞርድለታል፤ ነፋስና ፀሓይም ያደርቁለታል። በከተማ ያለ አጋሰስ ግን ቀን በአስፋልትና በስባሪ ላይ ከባድ ጭነት ይዞ ይሄዳል፤ ማታ ደግሞ በጠባብ ጋጣ በሽንትና በፋንድያ ላይ ቆሞ ያድራል። ቀን ይበላዋል፣ ሌሊት ያርሰዋል። በኢትዮጵያ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ፈረስ፣ በዓለምም ከሁሉ የበዛ አህያ ያለ ስለ ሆነ፣ ይህ ነገር የጥቂት ሰዎች ጭንቀት ብቻ አይደለም።

አያ በመጣን በመጀመሪያው ሳምንት የዳማን እግር እንዴት እንደምናነሣ አስተማሩን። «በፊቱ አትምጣበት፤ በኋላውም አትደብቅ። ትከሻውን ዳስሰህ፣ እጅህን ከእግሩ ሳታላቅቅ ቍልቍል ውረድ፤ ያን ጊዜ እሱ ራሱ ይሰጥሃል» አሉን። ኮቴው ሲገለበጥ ያየነው ነገር አስደነቀን፤ ከላይ እንደ ድንጋይ የሚመስለው ነገር ከሥሩ ልዩ ልዩ ክፍል ያለው ነበርና። ዙሪያውን የሚከበው ጠንካራ ቅርፊት እንደ ሰው ጥፍር ነው፤ በወር ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል፤ ከጠጕሩ ሥር ተነሥቶ እስከ ፊተኛው ጫፍ ለመድረስ አንድ ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ከውስጥ ደግሞ ጐድጐድ ያለ ውስጠ እግር አለ። በመካከሉ ከተረከዝ ተነሥቶ ወደ ፊት እየሾለ የሚሄድ፣ ሦስት ማዕዘን ያለው፣ እንደ ጎማ የሚለጠጥ ክፍል ይገኛል፤ ይህነን አያ በራሳቸው አጠራር «የኮቴው ልብ» ይሉት ነበር። አጠራራቸውም ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ፈረሱ በረገጠ ቍጥር ኮቴው ጥቂት እየሰፋና እየጠበበ ደሙን ወደ ላይ ለመግፋት እንደሚረዳ የእንስሳት ሐኪሞች ያስረዳሉ። ከዚህ ልብ ግራና ቀኝ ሁለት ጐድጓዳ መስመሮች አሉ። ጠጠርም ሆነ ስባሪ ሚስማር፣ ፋንድያም ሆነ ጭቃ የሚደበቀው በእነዚህ ነው።

አያ አንድ ቆልማማ ብረት ሰጡን። ሥራችን ማታ ማታ አራቱን ኮቴዎች እያነሣን በዚያ ብረት ከተረከዝ ወደ ጫፍ መጥረግ፣ ከዚያም በደረቅ ጨርቅ ማበስ ነበር። አያ ደክሟቸው ከደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጠው «ኮቴውን አየኸው?» ይሉን ነበር። «አዎ አያ፣ አይቻለሁ» ስንል «ተባረክ» ይሉና ወደ እራት ይገባሉ። ዓመት ሙሉ እንዲሁ ሆነ፤ ቃላችንም እውነት ነበር።

በ1984 ዓ.ም. ሰኔ ወር ግን ነገሩ ተለወጠ። ያን ጊዜ በሚሲዮን ትምህርት ቤት እንማር ነበር። አንድ ቀን ጥዋት ከጎናችን የተቀመጠ ልጅ እጃችንን አሽትቶ አፍንጫውን ያዘና ለጓደኞቹ «ይህ ልጅ ፋንድያ ይሸታል» አለ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኛም እጃችንን ከጠረጴዛው ሥር ሸሸግን። የዚያን ዕለት ማታ ወደ ጋጣው ሄደን፣ ዳማን ጀርባውን መታ መታ አድርገን፣ ብረቱን ከግድግዳው ጋር እያጋጨን ድምፅ አሰማንና ወጣን። «ኮቴውን አየኸው?» አሉ አያ። «አዎ አያ፣ አይቻለሁ» አልን። «ተባረክ» አሉን። አንባብያን ሆይ፣ ያልተገባ ምርቃት እንዴት እንደሚከብድ የቀመሰው ያውቀዋል። ነገር ግን በማግሥቱ እጃችንን ማንም አላሸተተውም፤ ስለዚህ በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ አደረግን። ዝናሙ ይጥል ነበር፤ ጋጣውም ይንጠባጠብ ነበር። ዐሥር ቀን ያህል የዳማን እግር ማንም አላነሣም።

በዐሥራ አንደኛው ቀን ጥዋት ዳማ የፊት ቀኝ እግሩን ከመሬት አንጠልጥሎ ተገኘ። አያ ኮቴውን በመዳፋቸው ሲዳስሱት እንደ ምጣድ ይፋጅ ነበር። የግቢው ሰዎች ተሰበሰቡና አንዱ «ወለምታ ነው» አለ፤ ሌላውም «ብረት ስላልተመታበት ነው፤ ፈረስ በከተማ ያለ ብረት አይሆንም» አለ። አያ ለማንም ሳይመልሱ የእንስሳት ሐኪም ጠርተው መጡ። ሐኪሙ ጭቃውን አጥበው ውስጠ እግሩን በጉጠት ከዚህም ከዚያም ጨመቅ ጨመቅ ሲያደርጉ ዳማ በአንድ ስፍራ ላይ ተንዘፈዘፈ። በዚያው ስፍራ፣ ከኮቴው ልብ አጠገብ ባለው መስመር ውስጥ፣ የጣት ጥፍር የምታህል የቆርቆሮ ስባሪ ተሰንቅራ ተገኘች። ሐኪሙ በቆልማማ ካራ ጥቂት ቢከፍቱት ጥቁር መግል ወጣ፤ ሽታውም እኛ በትምህርት ቤት ከተሰደብንበት ሽታ እጅግ የከፋ ነበር። «ይህች ነገር ከገባች ከሳምንት በላይ ይሆናታል። በገባችበት ማታ ቢጠረግ በጣት ትወጣ ነበር» አሉ ሐኪሙ። የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ መርፌም ወጉት፤ ፈረስ ለዚህ በሽታ ከሌሎቹ እንስሳት ይልቅ ተጋላጭ ነውና። ስለ ብረቱም ሲጠየቁ «ብረት ቢመቱበትም ባይመቱበትም እግሩን አንሥቶ ማየት አይቀርም። ብረት ጫፉን ከመበላት ያድነዋል እንጂ ውስጡን አይጠርግም» ሲሉ መለሱ።

አያ ያን ጊዜ ወደ እኛ ዘወር ብለው አዩን፤ ነገር ግን አንዳች አልተናገሩም።

ዳማ ሃያ አንድ ቀን ከሥራ ዋለ። በጨው የተበጠበጠ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ኮቴውን በቀን ሁለት ጊዜ እንዘፈዝፍለት፣ በንጹሕ ጨርቅም እንጠቀልልለት ነበር። አጋሰሱ ሲቀር ግን ኪራዩ አይቀርም። ስለዚህ አያ፣ ዕድሜያቸው ከኀምሳ ያለፈ ሰው፣ ግማሽ ግማሽ ኩንታል እህል በራሳቸው ጀርባ እየተሸከሙ ከእህል በረንዳ ወደ ወፍጮ ቤት ያመላልሱ ጀመር። ማታ ሲመጡ አክስታችን ትከሻቸውን በቅቤ ያሹላቸው ነበር። እኛ ከመጋረጃው በስተ ኋላ ተኝተን ሲቃትቱ እንሰማ ነበር። ፈረስ የዋሹበትን አይናገርም፤ ሰውም ያን ጊዜ አልተናገረንም፤ ይህ ከበትር የበለጠ ገረፈን።

በዐሥረኛው ቀን ማታ እራት ሳንበላ ተነሣንና በአያ እግር ላይ ወድቀን «አያ፣ ዐሥር ቀን ሙሉ አላየሁትም ነበር። እጄ ይሸታል ብለው ስለ ሳቁብኝ ነው፤ አንቱንም ዋሸሁ» አልን። አያ ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። በኋላም እንዲህ አሉን፤ «አንተ ጋጣ ውስጥ ነበርህ፤ እኔ ደጃፍ ተቀምጬ ነበር። እኔ ከደጃፍ ሆኜ ‘አየኸው?’ ባልሁህ ጊዜ፣ ካንተ ዘንድ የጠየቅሁት ኮቴውን ሳይሆን ቃልህን ነው። የቀለለኝን ጠየቅሁ፤ አንተም የቀለለህን መለስህ። ውሸቱ ያንተ ነው፤ መቀመጡ ግን የእኔ ነው።» ይህነን ብለው ከሚስማሩ ላይ ፋኖሱን አወረዱና «ና» አሉን።

ከዚያ ማታ ጀምሮ እኛ ኮቴውን ስናነሣ አያ ፋኖሱን ይይዙልን ጀመር። እየፈተሹን አልነበረም፤ ብዙውን ጊዜ ስለ አገራቸው ሜዳና በጥር ስለሚጋለቡት ፈረሶች ያጫውቱን ነበር። ሥራው ሲያልቅም ሁለታችንም በአንድ ሳሙና እጃችንን እንታጠብ ነበር። እጃችን በማግሥቱ ሸትቶ እንደ ሆነ ከእንግዲህ ወዲህ አላስታወስነውም።

ዝናሙ ሲያባራ አያ ከወንዝ ዳር ጡጫ ጡጫ የሚያህሉ ድብልብል ድንጋዮች በጆንያ አመላልሰው ከጋጣው ደጃፍ አነጠፉ፤ ውሃው እንዲወርድም ጥቂት ዘንበል አደረጉት። ዳማም በጠዋት ሲጫን በእነዚያ ድንጋዮች ላይ ይቆም ነበር። ኋላ ከፍ ባልን ጊዜ በትምህርት ቤቱ መጻሕፍት ቤት ስናነብ፣ ክሴኖፎን የተባለው የግሪክ የጦር ሰው ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ዓመት በፊት ስለ ፈረስ አያያዝ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ያንኑ ምክር አገኘነው። የዚያ ዘመን ግሪኮችም በፈረሶቻቸው ኮቴ ላይ ብረት አይመቱም ነበርና፣ እርጥብና ልስልስ ወለል መልካሙን ኮቴ እንኳ እንደሚያበላሽ፣ ጡጫ በሚያህል ድብልብል ድንጋይ ላይ ማቆም ግን እንደሚያጠነክረው ጽፏል። አያ ክሴኖፎንን አላነበቡም፤ ሁለቱም ያነበቡት ያንኑ ኮቴ ነው።

እንግዲህ ፈረሱን በባዶ ኮቴው ለሚያሳድር ሰው ከአያና ከሐኪሞች የተማርነውን በአጭሩ እንጽፋለን።

1ኛ፣ አራቱን ኮቴዎች በየቀኑ፣ ይልቁንም ከሥራ ሲመለስ፣ አንሥቶ ከተረከዝ ወደ ጫፍ መጥረግ። በመስመሮቹ ውስጥ ቀስ ብሎ እንጂ በኀይል አለመጐርጐር። ፈረስ ከክብደቱ ከመቶ 60 ያህሉን በፊት እግሮቹ ስለሚሸከም ፊተኞቹን አጥብቆ ማየት።

2ኛ፣ ሲጠርጉ ማሽተት። ጥቁር ፈሳሽና ክፉ ሽታ ከኮቴው ልብ ዙሪያ ቢገኝ ከእርጥበትና ከእድፍ የመጣ መበስበስ ነውና ጋጣውን ማድረቅ፣ ስፍራውንም አጽድቶ ለሐኪም ማሳየት።

3ኛ፣ ጋጣውን በየቀኑ መጥረግና ደረቅ ጭድ ማንጠፍ። ሌላው መድኀኒት ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

4ኛ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ አንድ ጊዜ ያደገውን ቅርፊት በሚያውቅ ሰው እጅ ማስከርከም፣ ስል ጫፉንም በሞረድ ማዞር፤ ስል ሆኖ የቀረ ጫፍ ይሰነጠቃልና። ውስጠ እግሩን ግን አለመፋቅ፤ ጫማው እርሱ ነው።

5ኛ፣ በእህል ገበያ አጠገብ የሚኖር ሰው በተለይ ይጠንቀቅ። ፈረስ የፈሰሰ ስንዴ ወይም ገብስ አግኝቶ ያለ ልክ ቢበላ ሕመሙ ከሆዱ ወደ ኮቴው ይወርዳል፤ ኮቴዎቹ ይግላሉ፣ መቆምም ይሳነዋል። ይህ እስከ ሞት የሚያደርስ ስለ ሆነ ሐኪም ለመጥራት ማግሥቱን መጠበቅ አይገባም።

6ኛ፣ ሲያነክስ አለመጫን። አንድ ቀን ያተረፉ መስሏቸው አንድ ወር የሚያጡ ብዙዎች ናቸው።

አያ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል፤ ዳማም ከእርሳቸው ቀድሞ በእርጅና ሞተ። እኛ አሁን ፈረስ የለንም። የልጆች አባት ግን ሆነናል። ማታ ከሥራ ደክመን ስንገባ ወንበር ላይ ተቀምጠን «ትምህርትህን አጠናህ? ጥርስሽን ፋቅሽ?» እያልን መጠየቅ ይቀናናል፤ «አዎ» የሚለውም መልስ ፈጥኖ ይመጣል። ያን ጊዜ የጎጃም በረንዳው ደጃፍና በርጩማው ትዝ ይለናል። ቤተ ሰብ ያለህ ወንድማችን ሆይ፣ እኅታችንም ሆይ፣ ለልጅ የተሰጠ ሥራ ትንሽ ቢመስልም ከሥሩ የሚታይ ነገር አለው። ስለዚህ ልጁን ከደጃፍ ሆኖ ከመጠየቅ ተነሥቶ ፋኖስ መያዝ ይሻላል። እኛም ይህነን ጽፈን እንደ ጨረስን ብዕሩን አስቀምጠን ወደ ልጆቹ ክፍል እንሄዳለን።